መጀመሪያ እሜቴ ይብሉ

መስከረም 21

በሰው አገር ፎቅ ላይ ስትወጪ ስትወርጂ ለምትውይ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ምግቡ እንዴት ያዘሽ? እኔ እጄም ዓይኔም እንደ ድሮው ናቸው። ጆሮዬ ብቻ ስልክ ላይ ሲሆን እልኸኛ ነው። የምትዪኝን ግማሹን ሳልሰማ ለሁሉም «እህ» እንደምልሽ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ቁም ነገር ሲሆን ወረቀት ይሻለኛል። ከከፍታ የሚመጣውን አደጋ ሁሉ ፈጣሪ ያርቅልሽ።

አሁን ተቀመጪና አንብቢ። እሜቴ ታመዋል።

ከሄድሽ በሁለተኛው ወር ላይ ውኃ መጠጣት አበዙ። ሙቀቱ ነው ብዬ ልብ አላልኩም። ቀጥሎ የአሸዋ ሣጥናቸውን በቀን ሦስት ጊዜ መቀየር ጀመርኩ። ምግብማ እንደ ጎረምሳ ነው የሚበሉት፣ ግን ስዳብሳቸው የጀርባ አጥንታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከወንበር ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ ሲዘሉ ደግሞ ጠርዙ ላይ ቀሩና ወደቁ። ወድቀው ሲያበቁ የገፋኋቸው እኔ እንደሆንኩ አድርገው አዩኝ። በማግስቱ በቅርጫት ይዣቸው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ። ደም ወሰደች፣ ሽንት መረመረች፣ «ስኳር ነው» አለችኝ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን መውጋት ነው፤ ምናልባት ዕድሜ ልክ። ሌላው ሳይሰቃዩ እንዲያሸልቡ ማድረግ ነው። ሐኪሟ «ያስቡበት» አለችኝ። ደብዳቤ ሄዶ እስኪመለስ ስድስት ሳምንት ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ስድስት ሳምንት አይጠብቅም። ስለዚህ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሬያለሁ። የምስር ፍሬ በሚያካክል የሰዓት ጥርስ ላይ አርባ ዓመት የሠራ እጅ መርፌ አይፈራም። ግን ድመቷ ያንቺ ናት። ቀጥል ካልሽኝ እቀጥላለሁ፣ አቁም ካልሽኝ አቆማለሁ።

በእግርሽም በገመድሽም ጠንክረሽ ቁሚ።

ሰዓት ጠጋኙ አጎትሽ

—

ጥቅምት 14

ለማከብረው፣ ለምወደው፣ ስልክ ላይ «እህ» ለሚለኝ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትህ፣ ሱቅህ፣ ጎረቤቶችህ ሁሉ ሰላም ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ባለ ሃያ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ስድስት ሊፍት ተሰጥቶኝ ስድስቱንም እንደ ልጆቼ አውቃቸዋለሁ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። አለቃዬ ገብቶ እየተንሰቀሰቅሁ ሲያየኝ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎት ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ አጠፋ። ሃያ አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ቆመ። «ድመቴ ታማ ነው» ብለው ሰውዬው ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ መልሶ አበራ።

ቀጥል ጋሼ። በፈጠረህ ቀጥል። ከሊፍት ጉድጓድ ሥር ሳወጣት ግሪስ የለበሰች፣ መዳፌ ላይ የምትቀመጥ ነገር ነበረች። ያን ሁሉ ግሪስ ተሸክማ ዙሪያዋን ስታይ እኛ ሎሌዎቿ ነበር የምንመስለው፤ እሜቴ ያልኳት ለዚህ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ? እኔ አንተን «አንተ» እያልኩ አድጌ፣ አንተ ድመቴን «አንቱ» ስትላት ቅናት ያዘኝ። እንስሳ አልወድም፣ ፀጉር ሰዓት ውስጥ ይገባል ስትል የነበርከው ሰውዬ የት ሄደ?

ያነበብኩትን ልንገርህ። ብልቃጡ አይናወጥም፣ በመዳፍ መሐል ቀስ ተደርጎ ይሽከረከራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፣ ግን በረዶ እንዳይነካው። የሚወጋበት ቦታ ይለዋወጣል። ዋናውን አስምረህ ያዝልኝ፦ መጀመሪያ ትብላ። ካልበላች አትውጋ፣ ሐኪሟን ጠይቅ። አንድ መርፌ ካመለጠም ለማካካስ ደርበህ አትስጥ።

መቶ መርፌ በፖስታ ልኬልሃለሁ። የስድስት ወር ውሌ ጥር ላይ ያልቃል፣ ያኔ መጥቼ ሸክሙን ከትከሻህ አወርዳለሁ። እስከዚያ ደብተር እንደምትይዝ ስለማውቅህ፣ ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጋር የደብተሩን ቅጂ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥህ።

የእህትህ ልጅ

—

ኅዳር 8

በአንድ እንባ ሃያ አራት ፎቅ ላቆመችው ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ በየፎቁ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እሜቴም ደህና ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እግሬ ላይ ተኝተው ነው፣ እግሬ ደንዝዟል፣ መነሳት ግን አይፈቀድልኝም።

መጀመሪያ ወቀሳ። የላክሻቸው መቶ መርፌዎች የሰው ናቸው። በአጉሊ መነጽሬ ከእኛው ጋር ጎን ለጎን አየኋቸው፣ የዩኒት መስመራቸው አይገጥምም። የእሜቴ መድኃኒት ለእንስሳ የተሠራ ስለሆነ የራሱ መርፌ አለው፤ በሰው መርፌ ሁለት ብዬ ብቀዳ አንድ እንኳ አይሞላም። ሐኪሟን ጠየቅኳት፣ «እንኳን አዩት፣ ስንቱ በዚህ ይሳሳታል» አለችኝ። ልቤ አበጠ። መርፌዎቹን ቁልፍ ቀራጩ ጎረቤቴ ለቁልፍ ቀዳዳ ዘይት ማጠጫ ወስዷቸዋል፣ ከነፍሱ ይመርቅሻል።

አሁን ሥራዬን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። ቆዳቸውን ቆንጥጬ እንደ ድንኳን ከፍ አደረግሁና በአንዱ በኩል አስገብቼ በሌላው በኩል አወጣሁት። መድኃኒቱ ፀጉራቸውን አራሰ። እሳቸውም ዞር ብለው አሸተቱትና በንቀት አዩኝ። ሐኪሟ አይድገሙ፣ እስከ ማታ ይጠብቁ አለችኝ፣ ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልሳትኩም። አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ ጎን። መርፌው ሲገባ ጆሯቸውን እንኳ አያነቃንቁም፤ ሲወጣ ግን ሦስት ጊዜ ጉንጫቸውን ካላከክሁ አይለቁኝም።

ሰዓቱማ ምን ልበልሽ። እዚህ ከሱቁና ከጀርባ ክፍሌ ያሉት ሰዓቶች ሠላሳ ሁለት ናቸው፣ አሥራ አንዱ ይደውላሉ። ከእሜቴ ሳህን በላይ አንዱን ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰቅያለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ምግብ ይቀርባል፤ ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ መርፌ። ማታም እንዲሁ። በሃምሳ ቀን ውስጥ አንዲት ደቂቃ አላዛነፍኩም። ቁልፍ ቀራጩ «ሚስትህ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ለምሳ በሰዓቱ ደርሰህ አታውቅም፣ ለድመት ጊዜ የባቡር ጣቢያ ሆንክ» ይለኛል። አልፈርድበትም፣ እውነቱን ነው። እሷም ብትሆን ይህን ብታይ ሳቋ ይመጣ ነበር።

የደብተሩ ቅጂ ከዚህ ጋር አለ። ክብደታቸው ከሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ወደ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ ወጥቷል። ውኃ በቀን ግማሽ ሊትር ይጠጡ ነበር፣ አሁን ሁለት ትንንሽ ስኒ ነው። ደረቁን ምግብ ትተን በቆርቆሮ የሚመጣውን ሥጋ ብቻ ነው የሚበሉት። ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጊዜ ዘለው ወጡና የተፈታ የእጅ ሰዓት መሐል ተኙ። ሁለት ብሎን ጠፋኝ፤ አንዱን ጭራቸው ላይ አገኘሁት።

አትስጊ። እጄ ላይ ናቸው።

አጎትሽ

—

ኅዳር 30

ለባቡር ጣቢያው አለቃ፣ ለጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ እጅህ ይባረክ። ደብዳቤህን ሳነብ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ! ወረቀቱን የሊፍት ቁጥጥር ሣጥን በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ የጭነት ልክ መስሏቸው ሲጠይቁኝ «የሴት ወይዘሮ ክብደት ነው» እላቸዋለሁ።

የመርፌዎቹን ነገር ሳነብ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። አንተ ባታይ ኖሮ እኔ ነበርኩ የማጠፋት። ከዚህ በኋላ ምክር አልሰጥህም፣ አንተው ምከረኝ።

እዚህ ሥራው በርትቷል። አዲስ ሕንፃ ተጨምሮልናል። ስለ ጥር በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ፎቶግራፍ ብታስነሳትና ብትልክልኝ? ካልሆነም ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደምትተኛ ጻፍልኝ። አንተስ ምሳ ትበላለህ? ለእሷ ያለህ ሰዓት ለራስህም አለ?

ጤናህን የምትመኝልህ፣
የእህትህ ልጅ

—

ታኅሣሥ 24

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽ። እኔ ደህና ነኝ። እሜቴም ደህና ናቸው። የደብተሩ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ፎቶግራፍ አንሺው ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ምሳዬን እበላለሁ።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ

—

ጥር 17

ይድረስ ለጋሼ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ይህን የምጠይቅህ ለደንብ አይደለም። እውነቴን ነው፣ እንዴት ነህ?

አምስት መስመር ደብዳቤ ጽፈህልኝ አታውቅም። አንተ እኮ የጎረቤትህን ሳል እንኳ አንድ ገጽ የምትጽፍ ሰው ነህ። ስለ እሷ ጀርባ፣ ስለ እሷ ጭራ፣ ስለ እሷ ንቀት አንዲት ቃል የለም። ስለዚህ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። እኔም የጥገና መዝገብ ሳነብ ነው የምውለው፣ ሰው ምን እንደደበቀ ካልተጻፈው ነው የማየው። የታኅሣሥ 11 መስመር ባዶ ነው። ከታኅሣሥ 12 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ዩኒት የነበረው አንድ ዩኒት ሆኗል። በዚያ ሁሉ ጠዋትና ማታ አንዲት ደቂቃ ያላዛነፈ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ጠፋበት ብዬ አላምንም።

ምን ሆነ? በግልጽ ንገረኝ። ሞታም ቢሆን ንገረኝ።

ሥራው ከብዶህ ከሆነም አልቀየምህም። ከእናንተ ብዙ የማይርቅ የእንስሳት ማቆያ ቤት አለ ብለውኛል፣ መርፌውንም እነሱ ይወጋሉ። አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝና ከዚህ ሆኜ ሰው ልኬ አስወስዳታለሁ።

መልስህን በቶሎ እጠብቃለሁ።

የእህትህ ልጅ

—

የካቲት 9

ልጄ፣

ሰላምታውን ባላረዝመው አትቀየሚኝ፣ ከሱ የቀደመ ነገር አፌ ላይ አለ። በሕይወት አሉ፤ መጀመሪያ ይህን ያዢ። ግን ታኅሣሥ 11 ቀን በገዛ እጄ ልገድላቸው ነበር።

ያን ጠዋት እንደ ወትሮው ሩብ ጉዳይ ሲል ምግባቸውን አቀረብኩ። አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። ተመልሰው መጡ፣ ደግሞ አሸተቱ፣ መስኮቱ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሲሞላ አሥራ አንዱም ሰዓቶች መደወል ጀመሩ። እውነቱን እነግርሻለሁ፦ ሳህኑ እንዳልተነካ አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም። አንቺም ጽፈሽልኝ ነበር፣ ሐኪሟም ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ምግብ ማቅረቤን እንደ መብላታቸው ቆጠርኩት። «በኋላ ይበሉታል፣ ሰዓቱ ግን አይመለስም» አልኩና ሁለት ዩኒት ወጋሁ።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ደንበኛ ባትሪ ሊያስቀይር ቆሞ ሳለ ከጠረጴዛው ሥር ኮሽታ ሰማሁ። ጎንበስ ስል እሜቴ ሊነሱ ይሞክራሉ፣ የኋላ እግራቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ጠራኋቸው። ዓይናቸው እንደተከፈተ ነው፣ እኔን ግን አያየኝም። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያኔ አንቱታውም ከአፌ ጠፋ። «አንቺ፣ አንቺ ልጅ፣ ተነሺ!» እያልኩ መጮሄን ያወቅሁት ኋላ ቁልፍ ቀራጩ ሲነግረኝ ነው።

ሐኪሟ መጀመሪያ ቀን «ስኳራቸው ድንገት ቢወርድ፣ ማር ከአጠገብዎ አይራቅ» ብላኝ ስለነበር ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ጣቴን እየነከርኩ ድዷን ቀባሁት፣ ወደ ጉሮሮዋ ገብቶ እንዳያንቃት ጥቂት በጥቂት። ከዚያ በሥራ ሽርጤ ጠቅልዬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ ስልሽ መሮጥ ነው። ሱቁን እንደተከፈተ፣ የሰው ሰዓት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እንደተበተነ ትቼው። ደንበኛዬ ምስኪን ቆሞ ሱቅ ጠበቀልኝ።

ሐኪሟ እግሯ ላይ ስኳር በቱቦ አስገባችላት። ስትረጋጋ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። እጇን እየታጠበች «እርስዎ የሚያክሙት ድመቷን ነው ወይስ ሰዓቱን?» አለችኝ።

እስከ ምሽት እዚያው አቆየቻት። ደሟን ደጋግማ ስታይ ሌላም ነገር አገኘች፤ የእሜቴ ገላ ራሱ ኢንሱሊን መሥራት ስለጀመረ ሁለት ዩኒት በዝቶባቸው ኖሯል። ለዚህ ነው ወደ አንድ የወረደው። ይህ ግን ለእኔ ማምለጫ አይደለም። በልተው ቢሆን ኖሮ እንዲያ አይወድቁም ነበር።

ለምን ደበቅሁሽ? አፈርኩ። ሰው የአባቱን ሰዓት አምኖ አስቀምጦልኝ የሚሄድ ሰው ነኝ። አንቺም አምነሽ አስቀመጥሽልኝ።

አሁን ከሳህኑ በላይ የነበረውን ሰዓት አውርጄዋለሁ። ምግቡን አቀርብና ወንበር ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ሲበሉ በዓይኔ እስካይ መርፌው ከማቀዝቀዣው አይወጣም። አንድ ጠዋት እስከ አንድ ሰዓት ከሃያ አስጠበቁኝ። አሥራ አንዱም ሰዓቶች ሲደውሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም። በሉ፣ ወጋሁ፣ ምንም አልሆነም። ሐኪሟም ግማሽ ሰዓት ወዲህና ወዲያ አይጎዳም ብላኛለች። ሌላ ቀን ጨርሶ አልበላም አሉ። አልወጋሁም፣ ሮጬ ጠየቅሁ። ጥርሳቸው ውስጥ ስንጥር ገብቶ ነበር፣ በወረንጦዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ማቆያ ቤት ስላልሽው፦ ከብዶኝ አይደለም። ከእኔ የተሻለ የሚያያት ሰው በዚህ ከተማ አለ ብዬ አላምንም፣ ይህን የምልሽ ካጠፋሁ በኋላም ቢሆን ነው። ማቆያ ቤት ያለ ሰው ሳህን ያስቀምጣል፣ ይወጋል፣ ይሄዳል። ያንን እኔም ሞክሬው አይቻለሁ።

ደግሞ አንቺስ? ጥር አልፏል። እኔ አንድ መስመር ባዶ ብተው ያዝሽኝ፤ አንቺ አንድ ወር ሙሉ ባዶ ትተሻል።

አጎትሽ

—

መጋቢት 3

ጋሼ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለእሷ፣ ሱቅ ለጠበቀውም ደንበኛ ሰላም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆሽቴ እስኪያር ተናደድኩ። ምክንያቱም ጽፌልህ ነበር፣ አስምር ብዬህ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ሽርጥህን ታቅፈህ ስትሮጥ ታየኝና አለቀስኩ። ሦስተኛ ሳነበው የመጨረሻዋ መስመርህ ላይ ቆምኩ። አንተ ጥፋትህን በሰዓቱና በዩኒቱ ጻፍክልኝ። እኔ የራሴን አልጻፍኩም።

በኅዳር ወር ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ። ሦስት ሕንፃና አምስት ሠራተኛ በእኔ ሥር ሆነዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው «አለቃ» ብሎ ሲጠራኝ ሌላ ሰው ፍለጋ ዞር አልልም። ደስ ብሎኛል፣ ደስ ስላለኝም አፈርኩብህ። «ስድስት ወር ብቻ» ብዬ ቅርጫቷን ደጅህ አስቀምጬ ሄጄ፣ ደስ ብሎኛል ብዬ እንዴት ልጻፍልህ? ማቆያ ቤት ያልኩህ አንተ ከብዶህ እንዲሆንልኝ ስለፈለግሁ ነው። አንተ ብትደክም እኔ ጥፋተኛ አልሆንም ነበር።

አሁን በግልጽ ልናገር። ከዚህ በፊት የነበርኩበት ክፍል እንስሳ አያስገባም ነበር፣ አሁን የተከራየሁት ያስገባል። ብየዳ የምትሠራው ባልደረባዬ በሚያዝያ ለዕረፍት ወደ እናንተ ትመጣለች። ስትመለስ እሜቴን ይዛልኝ ልትመጣ ተስማምታለች፤ ቦርሳው ተገዝቷል፣ ወረቀቱም ተጀምሯል። ከሥራ ስገባ በሩ ሥር የሚጠብቀኝ ነገር የለም ጋሼ። ናፍቃኛለች። በእጄ ነው ያወጣኋት።

አንተንም ማሳረፍ እፈልጋለሁ። አምስት ወር ተኩል ሙሉ ከሁለት መርፌ መሐል ወዴትም አልሄድክም።

ለይሉኝታ ብለህ እሺ አትበለኝ፣ ለይሉኝታ ብለህም እምቢ አትበለኝ። ባልደረባዬ ሚያዝያ 20 ቀን ሱቅህ ትመጣለች። ትሰጣታለህ ወይስ አትሰጣትም፣ መልስህን ከዚያ በፊት ማወቅ አለብኝ።

የእህትህ ልጅ

—

መጋቢት 26

አለቃ ለሆነችው ለእህቴ ልጅ፣

እልል ብያለሁ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ፣ ቁልፍ ቀራጩ ጣቴን የቆረጥኩ መስሎት መጣ። አምስት ሠራተኛ! እናትሽ ይህን ብትሰማ መንደሩን አታስተኛም ነበር። ይህን ከእኔ መደበቅሽ ግን ጥፋት ነው፤ ከታኅሣሥ 11 ጋር አላስተካክለውም እንጂ ጥፋት ነው። ለደስታሽ ከእኔ ይቅርታ አይጠየቅም።

አሁን መልሴን። አይሆንም። አልሰጣትም።

ምክንያቱን ስሚ። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ሐኪሟ ባስተማረችኝ መሠረት ከጆሯቸው ጠርዝ አንዲት ጠብታ ደም እየወሰድኩ በመለኪያ አያለሁ። ቁጥሩ እየወረደ መጣ። አንዱን ዩኒት ግማሽ አደረግነው። መጋቢት 12 ቀን ሐኪሟ ሁሉንም ቁጥሮች ደርድራ አየችና «እስቲ ጨርሰን እንተወውና እንያቸው» አለችኝ። ዛሬ አሥራ አምስተኛ ቀናቸው ነው፣ ያለ መርፌ ናቸው፣ ቁጥሩም የጤነኛ ድመት ቁጥር ነው። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ይመዝናሉ። ድነዋል አላለችም፤ ስኳሩ አርፏል ነው ያለችው። ሊመለስ ይችላል። ከተመለሰ መጀመሪያ የሚታየው ውኃ አጠጣጣቸው ላይ ነው፣ ያንን ደግሞ በየቀኑ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እለካለሁ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ለማታውቃት ሴት አልሰጥም። ደንግጠው ሁለት ቀን ባይበሉ ማን ያያል? ባልደረባሽ ጥሩ ሰው ትሆናለች፣ አልጠራጠርም። ሱቄ መጥታ ትቀመጥ፣ ሻይ ትጠጣ፣ እሜቴ ከፈቀዱላት ትዳብሳቸው። ባዶ እጇን ግን ነው የምትመለሰው።

አንቺ ብቻሽን መሆንሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። እኔም ሚስቴ ከሞተች በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ተነስቼ ለማንም እንዴት አደርክ አላልኩም ነበር። አሁን እላለሁ። መልስም ይሰጡኛል፣ አንዳንዴ ስድብ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ እየነገርኩሽ ነው። የፈረምሽው ወረቀት ላይ ዕረፍት የሚባል ነገር ከሌለ ፈራሚዋ አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ ራስሽ ነይ። ነይና ከጎናቸው ተቀመጪ፣ ሲበሉ እዪ። ከዚያ በኋላ መውሰድ ካለብሽ እንነጋገራለን፣ እኔም አንቺም አፍ አለን። እኔም እኮ አንቺ ናፍቀሽኛል፤ አንቺ ስለ ድመት ብቻ ስትጽፊ እኔ ስላንቺ አልጻፍኩም እንጂ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ታኅሣሥ 11ን ከነገርኩሽ ይህንንም ልንገርሽ። የሐኪሟን ካርድ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ላይኛው መስመር ላይ የባለቤት ስም የሚለውን ተመልከቺ፣ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ስትጠይቀኝ የራሴን ተናገርኩ። ቀኑ መስከረም 18 ነው። አቁም ካልሽኝ አቆማለሁ ብዬ የጻፍኩልሽ ከዚያ ሦስት ቀን በኋላ ነው።

አላቆምም ነበር።

አጎትሽ